የሐር ዓይን

ያን ዓመት ጃቫ ውስጥ ድንጋይ የማያሽ ወንድ አልነበረም ማለት ይቻላል። ፖሊሱም፣ ቤቻ የሚባለው የባለሦስት ጎማ ብስክሌት ነጂውም፣ የመስጊዱ ኢማምም የእርግብ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ የተሰካበት ቀለበት አጥልቀው፣ ሥራ በፈቱ ቁጥር ጂንስ ሱሪያቸው ላይ ሲያሹት ይውላሉ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ቢገናኙ ሰላምታቸው «እስቲ ያንተን ልየው» ነበር። ሁሉም ኪሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ አለችው፤ የሌላውን ድንጋይ ተቀብሎ ከሥሩ እያበራ ያያል፣ ምላሱን ያጮሃል፣ ይመልሳል።

ዳርሶኖ በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱ ባንዱንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማዕድን ጥናት መምህር ነው። ዕድሜውን የፈጀው ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን እንደ ወረቀት አሳስቶ እየቆረጠ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ከምን ከምን ማዕድን እንደተሠሩ በመመርመር ነው። ሰዎች ቀለበታቸውን አውልቀው ሲያሳዩት አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ አይቶ «ጠርሙስ ነው» ብሎ መመለስ ደስ ይለዋል። ሲያፍሩ ደግሞ ያዝንላቸዋል።

የእናቱ የሙት ዓመት ዱዓ በተደረገበት ዕለት ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ካሊዉሉንግ ወረደ። ዱዓው አብቅቶ፣ ሩዙና በኮኮናት ወተት የተሠራው ዶሮ ከተበላ በኋላ፣ ወንዶቹ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጡ ባትሪዎቻቸውን ከየኪሳቸው መዘዙ።

«ጀመራቸው!» አለች ሙርቲ ሻይ እየቀዳች። «የሟች ቤት እንኳን አያሳፍራቸውም።»

«ሟቿ ብትኖር እሷም ታበራ ነበር» አለ ባሏ ካስማን፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ካስማን ለዳርሶኖ የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ ግን ከዘመድ ይቀርበዋል። በዕድሜ ትንሽ ስለሚበልጠው ዳርሶኖ ከልጅነቱ ጀምሮ «ካንግ» ይለዋል፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት። ወንዙ ዳር ድንጋይ ሲለቅሙ ከረጢቱን የሚሸከመው ካስማን ነበር። ዳርሶኖ ተምሮ ከተማ ገባ፤ ካስማን የአሸዋ መኪና ላይ ጫኝ፣ በኋላም ሾፌር ሆነ። የዳርሶኖ እናት በታመመች ጊዜ ሆስፒታል ያመላለሳት፣ ልጇ ባቡር ላይ ሳለ ስታርፍም ዓይኗን የከደነላት ካስማን ነው።

ካስማን ከሽርጡ እጥፋት ውስጥ አንድ ድንጋይ አወጣ። «ዳር፣ ይሄን እየው እስቲ። ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ነው ያወጣሁት። እኛ መሀይሞቹ ወደነዋል። አንተ የሰማዩን ድንጋይ የምታውቅ ሰውዬ እስቲ የምድሩን ደግሞ ንገረን።»

ድንጋዩ ወደ ቢጫ የሚያዘነብል አረንጓዴ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት መሀል ለመሀል አንዲት ነጭ መስመር ትነሳና ድንጋዩ በዞረ ቁጥር እሷም አብራ ትሄዳለች፤ ልክ እንደ ድመት ዓይን። ዳርሶኖ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ።  ሻይ ሲያማስል የነበረው ማንኪያውን ያዝ አደረገ።

ውስጡ ክር ነው። ጎን ለጎን የተኙ፣ ከጸጉር የቀጠኑ ክሮች። አንድ ሐሳብ ሽው አለበት፤ እንዲህ ክር ከሚሠሩ አረንጓዴ ድንጋዮች መካከል ክፉዎች እንዳሉ፣ በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይገባ በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። «ላቦራቶሪ ወስጄ ልየው» ማለት ነበረበት። ግን ያ ሁሉ ሰው አፉን እያየ ነው። ካስማንም ልጁ ፈተና እንዳለፈለት አባት ቀና ብሎ ተቀምጧል።

«ሰርፐንቲን የሚባል ማዕድን ነው» አለ። «ዓይኑን የሚያወጡት ውስጡ የተደረደሩት ክሮች ናቸው። ሐር ነው የሚመስሉት። የሐር ዓይን ብትሉት ያምርበታል። ጥሩ ድንጋይ ነው ካንግ።»

«የሐር ዓይን!» አሉ ወንዶቹ እየተቀባበሉ።

«አቧራውስ?» አለች ሙርቲ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች። «ይሄ ሰውዬ በረንዳ ላይ ነው የሚሞርደው። ልብሱም አልጋውም ነጭ ሆኗል። ሰው አይጎዳም?»

«ድንጋይ ነው እኮ እትዬ ሙርቲ!» አለ ዳርሶኖ እየሳቀ። «እንደማንኛውም አቧራ ነው። የሚጎዳው አጣቢዋን ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሙርቲም ሳቀች። ካስማን ከድንጋዩ ቁራጭ ሰብሮ «ያዝ፣ ለትዝታ» ብሎ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚታመን አይደለም። የሐር ዓይን ወሬ ከካሊዉሉንግ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ጆግጃ ከተማ ደረሰ። ካስማን የአሸዋ መኪናውን ሥራ ተወ። በየበረንዳው ከውሃ ፓምፕ ሞተር የተሠራ መሞረጃ ተተከለ፤ መንደሩ ከንጋት እስከ ማታ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ሰማራንግ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው የካስማን ልጅ ላስትሪ ሳትቀር ሥራዋን ለቅቃ መጣች። ካስማን በረንዳው ላይ በካርቶን «በፕሮፌሰር የተመሰከረለት» የሚል ማስታወቂያ ሰቅሎ ፎቶውን ሲልክለት፣ ዳርሶኖ ፕሮፌሰር አለመሆኑን እያወቀ ደስ አለው። ለባልደረቦቹም አሳያቸው።

ቁራጩ ድንጋይ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ከረመ። አንድ ቀን ለትምህርት ማሳያ የሚሆኑ ድንጋዮች እንዲቆረጡ ሲልክ ያንንም ጨመረው። ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲመለስለት፣ ከሩዝ ማሳ መሀል ከተገኘ የሰማይ ድንጋይ ስስ ቁራጭ ጋር በአንድ ትሪ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሰማዩን አየ። ከዚያ የካስማንን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ።

ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። ክሮቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ ተበጠሰ ገመድ ጫፍ ተበታትነው ይታያሉ፤ አንዱ ክር ራሱ ሌሎች ብዙ ክሮች ነው፣ እነሱም እንዲሁ። ሰርፐንቲን አልነበረም። ለማረጋገጥ ቁራጩን ወደ ጎረቤት ክፍል፣ የኤክስሬይ መሣሪያውን ወደምትይዘው ባልደረባው ወደ ሄራ ወሰደው። ውጤቱ ሲመጣ ትሬሞላይት የሚል ነበር፤ አስቤስቶስ ከሚባሉት ወገን፣ ያውም ከክፉዎቹ። ደርቆ ሲሞረድ ዓይን የማያየው መርፌ ይሆናል። መርፌው ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ አይሟሟም። የሚያመጣው በሽታ ደግሞ ዛሬ ወይም ነገ አይደለም፤ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ቆይቶ ሰውየው ድንጋዩን ከረሳ በኋላ ይመጣል።

«ፓክ ዳርሶኖ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አለች ሄራ ወረቀቱን እያቀበለችው፤ «ፓክ» እንደ «አቶ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። «መቼም የሚሞርደው ሰው የለም አይደል? በዚህ የቀለበት እብደት ዘመን እኔ ሁሉም ነገር ያስፈራኛል።»

«የለም፣ የለም» አለ ዳርሶኖ። «ወንዝ ዳር ያነሳሁት ነው። ማንም አይነካውም።»

ቃሉ ከአፉ የወጣበት ፍጥነት ራሱን አስደነገጠው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለካስማን ደወለ። ቁጥሩን ሲነካ ምን እንደሚል አስቦ ጨርሶ ነበር። ካስማን ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው ሞተሮቹ ይጮሃሉ።

«ዳር! አንተን ላስብ ስል ደወልክ! የቤቱን ጣራ እያስቀየርኩ ነው። ላስትሪም ታጭታለች፤ ልጁ የታወቀ ቤተሰብ ነው። ይሄ ሁሉ በአንተ አፍ ነው፣ ሰማህ? እናትህ ይሄን ብታይ!»

«ካንግ፣ አንድ ነገር ልነግርህ…»

«አይሰማኝም! ቆይ፣ ላስትሪ ታናግርህ።»

«አጎቴ!» አለች ላስትሪ እየሳቀች። «እጄን ቢያዩት ዱቄት ቤት የምሠራ ነው የምመስለው! ለሠርጌ ይመጣሉ አይደል?»

«እመጣለሁ። ላስትሪ… ስትሠሪ አፍሽን በጨርቅ ሸፍኚ። ድንጋዩንም ውሃ እያፈሰሳችሁበት ሞርዱ።»

«በዚህ ሙቀት? እሺ አጎቴ፣ እሞክራለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። ነግሬያቸዋለሁ አለ ለራሱ። ሸፍኑ ብያለሁ፣ ውሃ ብያለሁ፣ ከዚህ በላይ በስልክ ምን ይባላል? ይቺ ሰበብ ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ሰጠችው። ከዚያ ከዳችው። ክፍል ቆሞ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዱ ቢስል ቃሉ ይጠፋበት ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የወረዳው ከተማ ላይ የድንጋይ ባዛር ተዘጋጀና የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። እዚያ እናገራለሁ ብሎ ወሰነ። በአካል፣ በሁሉም ፊት፣ አንድ ጊዜ ይለይለታል። ባቡር ላይ የሚናገረውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያጠና አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ቁርዓን የሚቀራ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉለት።

ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ይለቃል፣ ቴምፔ የሚሉትን የአኩሪ አተር ጥብስ የሚሸጡ ሴቶች በሰው መሀል ይሽሎከለካሉ። ካሊዉሉንግ በተሰጣት ቦታ ላስትሪ መሞረጃ ፊት ተቀምጣ ድንጋይ እንዴት ዓይን እንደሚያወጣ ለተመልካች ታሳያለች። አፏ ላይ ጨርቅ የለም። ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኗል። ከፊቷ ሕፃናት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ በተጋገረው አቧራ በጣቱ ስሙን ይጽፋል።

ካስማን አዲስ ባለ ጥለት የባቲክ ሸሚዝ ለብሶ መድረኩ ላይ ወጣ። «ይሄ ሰውዬ» አለ በድምፅ ማጉያው፣ «አብሮኝ ወንዝ ውስጥ የተንቦራጨቀ ነው። ዛሬ ግን ሰማይ ድንጋይ ሲወረውር መንግሥት እሱን ነው የሚጠራው! እኛ ወንዝ ዳር የጣልነውን ድንጋይ ጌጥ ነው ያለን እሱ ነው!»

ጭብጨባው ሲበርድ ዳርሶኖ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። ሙርቲ ፊት ለፊት የጎረቤት ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች። አፉን ከፈተ። የተዘጋጀው የመጀመሪያ ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ካስማንን አየ፤ ፊቱ በኩራት በርቷል።

«ከሰማይ በሚወድቁ ድንጋዮች ውስጥ» አለ፣ «ኦሊቪን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን አለ። ሰዎች እሱንም ቀለበት ላይ ያደርጉታል…»

ስለ ሰማይ ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ ሕዝቡን አሳቀ፣ አስገረመ። ሲወርድ ጀርባው በላብ ርሶ ነበር። ካስማን ሮጦ አቀፈው፤ የሸሚዙ አቧራ ወደ ዳርሶኖ ሸሚዝ ተላለፈ።

ማታ ባቡሩ እንደተነሳ ዳርሶኖ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈ። ሸሚዙን በጥንቃቄ፣ እንዳይራገፍ አድርጎ አወለቀ። ቧንቧው ሥር አድርጎ አጠበው፣ ጨመቀው፣ ደግሞ አጠበው። አንገቱን፣ ክንዱን፣ ጸጉሩን ታጠበ። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ሲያይ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባው። ራሱን ነው ያዳነው። ላስትሪ ያን ሌሊት በዚያ ጸጉር፣ በዚያ ልብስ ትራሷ ላይ ተኝታለች። እጁ እስኪደነዝዝ ቧንቧውን ሳይዘጋ ቆመ።

ደብዳቤ ጻፈ፤ ቀደደው። ለወረዳው ጤና ቢሮ ሊደውል ስልክ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ፈተና እስኪያልቅ አለ። የላስትሪ ሠርግ እስኪያልፍ አለ። ይሄኔ ነገሩ ያለ እሱ በራሱ መፍትሔ አገኘ፦ ሕዝቡ ቀለበቱን ጠገበ። እንደ መጣበት ፍጥነት ሄደ። ገዢ ጠፋ፤ መሞረጃዎቹ ቆሙ፣ ሞተሮቹ ተፈተው ወደ ውሃ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ካስማን በስልክ «አበቃልን ዳር፣ ተመልሼ አሸዋ ልጫን ነው» ሲለው ከዳርሶኖ ሆድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። የሰው እንጀራ ሲቋረጥ ደስ እንዳለው ያወቀው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ መናገር ምን ይፈይዳል፣ የተሞረደው ተሞርዷል፣ ዝም ብሎ ማስጨነቅ ነው እያለ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ። ግማሽ ያህል ተሳክቶለትም ነበር።

ለላስትሪ ሠርግ ሄደ። ሙሽራዋ በወርቃማ ልብሷ አምራለች፣ ዳርሶኖም ከወላጆቿ ጎን ተቀመጠ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲበታተን ካስማን «ና፣ አዲሱን ሜዳችንን ላሳይህ» አለው።

ካሊዉሉንግ ከመረብ ኳስ ሌላ ፍቅር የላትም። ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ድሮ ጭቃ ነበር፤ አሁን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሏል። ነጭ ነው። ሁለት ቡድን ልጆች በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ። አንዱ ዘሎ ኳሷን ሲመታና ሲያርፍ ከእግሩ ሥር ነጭ ደመና ቡን ይላል። ደመናው ቀስ ብሎ ዳር ወደተቀመጡት እናቶችና ሕፃናት ይሄዳል።

«ካንግ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የድንጋዩ ዱቄት ነዋ! ከየበረንዳው ጠራርገን አምጥተን ደለደልነው። ከሲሚንቶ ይሻላል፤ ሲወድቁ እንኳን አያላላጣቸውም። የላስትሪ ሐሳብ ነው።»

ዳርሶኖ ሜዳው ዳር ቁጢጥ አለ።

«ምነው? ምሳው ነው?»

«ልጆቹን አስወጣቸው» አለ ዳርሶኖ።

«ምን?»

«ካንግ፣ በእናቴ ይሁንብህ ልጆቹን አስወጣቸው። ቀስ ብለው፣ ሳይሮጡ ይውጡ።»

ካስማን ፊቱን አይቶ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እጁን አጨብጭቦ ልጆቹን ጠራ፤ እያጉረመረሙ ወጡ። ኳሷ ነጩ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀረች። ዳርሶኖም ነገረው። ሰርፐንቲን እንዳልሆነ፣ ክሮቹ ምን እንደሆኑ፣ የት እንደሚገቡ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ፣ ሁሉንም። ካስማን ቆሞ ሰማ። የቅርንፉድ ሲጋራውን ሊለኩስ አውጥቶ ነበር፤ ሳይለኩሰው ጣቶቹ መሀል ቀረ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለ በመጨረሻ።

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። ትናንት ቢል፣ ባለፈው ሳምንት ቢል ማን ያውቃል?

«ከባዛሩ በፊት» አለ ዳርሶኖ።

«ላስትሪን አፍሽን ሸፍኚ ያልካት ቀን?»

«ያኔ አውቄ ነበር።»

«ባዛሩ ላይ፣ እኔ ስምህን ስጠራ፣ ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

ካስማን ሲጋራውን ወደ ፓኮው መለሰ።  ዳርሶኖ ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታው በወደደ። ካስማን ግን ፊቱን ወደ መስጊዱ አዙሮ ቆየና ዳርሶኖ በማያውቀው ድምፅ፣ ለወረዳ ባለሥልጣን በሚናገርበት ድምፅ፣ «ፓክ ዳርሶኖ» አለው። «ይሄን ለእኔ ብቻ ነግረው አይሄዱም። ሕዝቡን እጠራለሁ። እርስዎ ራስዎ ይነግሩታል።»

ካስማን ከልጅነታቸው ጀምሮ «አንተ» እንጂ «እርስዎ» ብሎት አያውቅም ነበር። ዳርሶኖ ራሱን ነቅንቆ ተነሳ።

ሕዝቡ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ፤ የሠርጉ ወንበሮች ገና አልተመለሱም ነበር። ዳርሶኖ ተናገረ። በዚህ ጊዜ አላጠናም፣ ስለዚህም ይሰናከላል፣ ይደግማል። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ።

«አስቤስቶስ?» አለ አንድ የዶሮ ነጋዴ። «የዶሮ ቤቴ ጣራ እኮ አስቤስቶስ ነው! ከተሠራ ስንት ዘመኑ፤ ዶሮዎቼ ይስላሉ እንዴ?»

«ድንጋያችንን እንዳንቸበችብ ሌላ መንደር ከፍሎት ነው» አለ ሌላው።

«ገበያው ከሞተ በኋላ ምን ሊከፍለው?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ዝም በሉ፣ ሰውየው ያለቅሳል።»

በእርግጥም ያለቅስ ነበር፤ እሱ ግን አላወቀም። ሳቁ ጠፋ። ጥያቄው መጣ፦ የታጠበው ልብስስ? ያረገዘችስ? የጉድጓዱ ውሃስ? የሚያውቀውን መለሰ፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ። ሙርቲ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። ሁሉም ጠይቆ ሲያበቃ ተነሳች። አልጮኸችም።

«እኔ ጠይቄህ ነበር» አለች። «ሻይ እየቀዳሁ። ሰው አይጎዳም ወይ ብዬህ ነበር። አሳቅክብኝ።»

 ሙርቲ መልሱን ሳትጠብቅ ነጠላ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ፈልጋ ወጣች።

ዳርሶኖ ወዲያው ወደ ባንዱንግ አልተመለሰም፤ ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ወሰደ። ለጤና ቢሮው አመለከተ፤ ለሄራም ደውሎ «ውሸቴን ነበር» አላትና ውጤቱን እንድትልክለት ለመናት። እሷም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የአፍ መሸፈኛም በካርቶን ሞልታ ላከች። ሜዳውን በውሃ አርሰው፣ ሸክላ አፈር በላዩ ደልድለው፣ ከዚያ ሲሚንቶ ሊያለብሱት ተወሰነ። በረንዳዎቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረጉ፣ ገደሉ ታጠረ። ዳርሶኖ በጀርባው አፈር ተሸከመ። ካስማን በአሸዋ መኪናው ያመጣል፣ ዳርሶኖ ያራግፋል። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ሲሠሩ ካስማን የሚያወጣው ቃል «እዚህ ጋ ያድርጉት» እና «ይበቃል» ብቻ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሙርቲ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ትልካለች፤ ለሁሉም ሠራተኛ እኩል፣ ለእሱም።

ከዚያ ጀምሮ ዝናብ ሲያባራ በየዓመቱ ከካሊዉሉንግ አንድ አውቶቡስ ሰው ወደ ከተማው ሆስፒታል ራጅ ለመነሳት ይሄዳል። ዳርሶኖ ከባንዱንግ መጥቶ አብሯቸው ይሳፈራል። በመጀመሪያው ዓመት ቦታው አልበቃ ብሎ ሰው ቆሞ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነበር፤ የዶሮ ነጋዴው «እስክሞት የማይታይ በሽታ ምኔ ነው?» ብሎ ቀረ። ዳርሶኖ በየደጁ ሄዶ ለመነ፤ አንዳንዱ መጣለት፣ አንዳንዱ በር ዘጋበት።

ላስትሪ ግን አልቀረችም። በሦስተኛው ዓመት ሕፃን ልጇን ታቅፋ መጣች። ከራጁ ክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች። ካስማን ከወዲያኛው ጫፍ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ወደ እነሱ አያይም፣ ግን ጆሮውን ከእነሱ አላራቀም።

«ንጹህ ነው አለኝ ሐኪሙ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ግን ለዘንድሮ ነው አይደል?»

«ለዘንድሮ ነው።»

ሕፃኗ አለቀሰች፤ ጡት ሰጠቻት። «መቼ ነው የሚያበቃው አጎቴ?»

«እኔ በሕይወት እያለሁ የሚያበቃ አይመስለኝም» አለ ዳርሶኖ።

«እርስዎማ በዚያ ሊያመልጡ ነው» አለች። የቀልድ ያህል ነው ያለችው፤ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ። «በየዓመቱ ወረቀቱን አንብቤ እንደገና አነበዋለሁ። ሳልወልድ እንዲህ አልነበርኩም። አሁን እሷን አሳድጋት እንደሆነ ብቻ ነው የማስበው። አላጽናናዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አታጽናኚኝ» አለ። «ለዚያ አልመጣሁም።»

ነርሷ በመስኮቱ ብቅ ብላ የካሊዉሉንግ ሰዎች ለከርሞ ቀን እንዲያስይዙ ተጣራች። ካስማን ከግድግዳው ተላቅቆ ሁለት እርምጃ ወደ መስኮቱ ሄደና ቆመ። ወደ ዳርሶኖ ዞሮ፣ «እርስዎ ይንገሯት፤ ስማችንን ሁሉ ያውቁታል» አለው።

ዳርሶኖ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከላስትሪ ጀመረ፤ ቀጥሎ ካስማንን፣ ሙርቲን፣ የጎረቤቱን ልጅ፤ አውቶቡስ ላይ የነበሩትን ጨርሶ በር የዘጉበትንም አንድ በአንድ አስመዘገበ። ነርሷ «እነዚህ ዛሬ አልመጡም እኮ» አለችው።

«አልመጡም» አለ። «ለከርሞ ግን ያዢላቸው።»